የደሳለኝ ቁርጭምጭሚትና የታች ቤት ተስፋ

ሰው እግሩን የታመመ ዕለት እግሩ የእሱ መሆኑ ያበቃል።

ጨጓራችሁን ብትታመሙ ጨጓራው የእናንተው ነው። ብቻችሁን ይዛችሁት ታድራላችሁ፤ ብቻችሁን ትለማመጡታላችሁ። እግር ግን አደባባይ የወጣ አካል ነው። ስታነክሱ ሁሉ ያያል። ያየ ሁሉ ይጠይቃል። የጠየቀ ሁሉ ደግሞ መድኃኒት ያውቃል፤ አንዱ ፌጦ ይላችኋል፣ አንዱ የበግ ጮማ አሙቃችሁ እሰሩበት ይላችኋል፣ ሌላው የአክስቱ ልጅ ልክ እንዲሁ እንደ ቀልድ ጀምሮት በስንት መከራ እንደተረፈ አጫውቷችሁ ሲያበቃ፣ "አይዞህ" ብሎ ይሄዳል። ከተማው ደብረ ታቦር ከሆነ ደግሞ ይብሳል። እስኪሻለኝ ሜዳ ሜዳውን ልሂድ ብትሉ ሜዳ የለም። ወይ ትወጣላችሁ፣ ወይ ትወርዳላችሁ። በሁለቱም እግር ይናገራል።

የሚገርመው፣ ይህ ሁሉ ጠያቂ ጠይቆ ጠይቆ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው። በአገራችን ትኩሳት የሚያንቀጠቅጠውም፣ ከልጁ ሠርግ የተመለሰውም፣ ሞት ደጁ ላይ የቆመበትም "እንዴት ነህ?" ሲሉት "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል። መልሱ እውነት ነው። መረጃ ግን የለበትም። ይህች መልስ ምን ያህል ጉልበት እንዳላት ያወቅሁት በደሳለኝ ቁርጭምጭሚት ምክንያት ነው።

*

ደሳለኝ ግንበኛ ነው። የምንኖረው አንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ስስ ግድግዳ ተለያይተን ነው፤ ሲያስነጥስ እኔ ከወዲህ "ይማርህ" እላለሁ። በሥራ ቀን መሰላል ላይ ቆሞ ድንጋይ ይደረድራል። እሁድ ከሰዓት የገና ዱላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ሜዳ ይወርዳል፤ ያኔ ሌላ ሰው ነው።

የገና ጨዋታ፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ አብዛኛውን ጊዜ አቧራና ጩኸት ነው። ያ ሁሉ ጎልማሳ አንዲት ከእንጨት የተጠረበች ሩር ከቦ፣ ጫፉ በታጠፈ ዱላ የወዳጁን ቅልጥም ይደበድባል። ሩሯ የት እንዳለች የሚያውቅ የለም። ደሳለኝ ያውቃል። ከዚያ ግርግር መሐል እንደ ውሃ ሾልኮ ይዟት ይወጣል፤ አንዴ ከወጣ የሚደርስበት አልነበረም።

የምንጫወተው እንደ ወጉ ላይ ቤትና ታች ቤት ተባብለን ነው። ላይ ቤቶች ከዳገቱ በላይ፣ እኛ ከዳገቱ በታች። ከላይ ሁሉም ነገር ወደ እኛ ይወርዳል፤ ጎርፉም፣ ብርዱም፣ ስድቡም። ድል ብቻ አልወረደልንም። ስንት ዓመት እንደሆነ ጋሽ ሰይድን ብትጠይቋቸው ወደ ሽበታቸው ያመለክታሉ።

ጋሽ ሰይድ በግቢያችን በር ላይ ሱቅ ያላቸው ነጋዴ ናቸው፤ ስኳር፣ ሳሙና፣ ባትሪ ድንጋይ ይሸጣሉ። ሙስሊም ስለሆኑ ገናን አያከብሩም። ላይ ቤት ሲሸነፍ ግን ያከብራሉ። ይህ በዓል ከመጣላቸው በጣም ቆይቷል።

ዘንድሮ ታዲያ ነገሩ ከልግጫ አለፈ። የገና ዕለት ያሸነፈው ሰፈር ከተማውን ወክሎ ለዞኑ የባህል ስፖርት ውድድር ይሄዳል ተባለ። ታች ቤት ኮሚቴ አቋቋመ፤ እኛ ኮሚቴ ካላቋቋምን ምንም ነገር እንደጀመርን አይሰማንም። ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ ተከራክሮ፣ ሻይ ጠጥቶ ስልት ነደፈ። ስልቱ ባለ ሁለት ቃል ነበር፤ "ለደሳለኝ ስጧት።"

ስልቱ በወጣ በሳምንቱ ደሳለኝ ወደቀ።

በግጥሚያ ላይ ቢሆን ባልቆጨን። በልምምድ መሐል ሩሯ ድንች ማሳ ገባች፤ ሊያመጣት የድንጋይ ካብ ላይ ዘለለ፤ ካቡ ተናደ፤ ቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። ካቡን የካበው እሱ እንዳልነበረ ዛሬም ድረስ ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል።

*

ሐኪም ቤት ሄዶ ራጅ ተነሣ። አጥንቱ ደህና ነው፣ የተጎዳው ጅማቱ ነው፣ መድኃኒቱም ዕረፍት ነው ተባለ። ዕረፍት ደግሞ ፋርማሲ ውስጥ የለም። ኮሚቴው መክሮ ወንዛዬ ፍል ውሃ ላከው። ከፍል ውሃው ቆዳው ጠርቶ፣ ፊቱ ወዝቶ፣ እንደ ሙሽራ አምሮበት፣ እያነከሰ ተመለሰ። እናቱ ጠበል አመጡለት። እብጠቱ ይጎድላል፤ ደግሞ ይመለሳል። ይጎድላል፤ ይመለሳል። "ዛሬ ተሽሎታል" የተባለ ዕለት ሰፈሩ በሙሉ ይስቃል፤ "ዛሬ ደግሞ አብጧል" የተባለ ዕለት ዳቦ ቤቱ እንኳ ዝም ይላል። አንድ ሰፈር ሙሉ ስሜቱን አንድ ሰው ካልሲ ውስጥ አስቀምጦ ከረመ።

ሜዳ ላይ ያለው ነገር ደግሞ ከእግሩም የባሰ ነበር። ልጆቹ ያለ እሱ ይለማመዳሉ። ሩሯን ያገኛሉ፤ ቀና ይላሉ፤ ከዚያ ደሳለኝ ይቆምበት ወደነበረው ወደ ግራው ጥግ ይለጓታል። እዚያ ማንም የለም። ሩሯ ብቻዋን ተንከባልላ ተንከባልላ ሣር ውስጥ ትቆማለች። ሁሉም ቆሞ ያያታል። ጸጉር አስተካካዩ ጌታነህ፣ ከቡድናችን በሩጫ የመጨረሻው፣ ሌላ የሚያገለግልበት ነገር ስለሌለ በየጊዜው እየሄደ ያመጣታል።

አንድ እሁድ ጋሽ ሰይድ ዳር ላይ ቆመው አይተው አይተው፣ "ይህ ቡድን ሐዘን ተቀምጧል እንዴ? ለሌለ ሰው ድርሻ ያነሣል" አሉ።

አንድ ያልሞከርነው መፍትሔ ነበረ። ያልሞከርነው ስላላወቅነው አይደለም። በአካባቢው ለወለምታ አያ አለሙን የሚያህል ወጌሻ የለም፤ ከጋፋት ማዶም፣ ከጉና ሥርም በበቅሎ ጭምር የሚመጡባቸው ሰው ናቸው። ግን አያ አለሙ የላይ ቤት ሰው ናቸው። ይህም ባልከፋ። የላይ ቤቱ አምበል ሙሉቀን ልጃቸው ነው።

"እግራችንን ተሸክመን ወስደን ለባላንጣ ልናስረክብ?" አሉ ጋሽ ሰይድ። ልብ በሉ፤ "እግራችንን" ነው ያሉት።

"አያ አለሙ እንደዚያ ያሉ ሰው አይደሉም፣ ጋሽ ሰይድ" አለ ደሳለኝ።

"እሳቸውማ አይደሉም። ልጃቸውስ? አባት የያዘውን ልጅ ሳይሰማ ያድራል? ወላሂ ነገ ጠዋት ላይ ቤት በሙሉ ጅማትህን በስሟ ይጠራታል!"

ደሳለኝ ሰምቷቸው ሲያበቃ ገናውን ምርኩዝ አድርጎ ዳገቱን ጀመረው። ተከተልሁት። የሚያመው እሱን ነዋ፤ ኮሚቴውን አያመውም።

*

አያ አለሙ አጠር ያሉ፣ ጣታቸው የደነደነ፣ በሙያቸው እንደ ጎበዝ ፈረሰኛ የሚኮሩ ሽማግሌ ናቸው። እጃቸውን ቅቤ ቀብተው፣ እግሩን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያሹት ጀመር። ደሳለኝ ጥርሱን ነከሰ።

"ጩህ እንጂ! ግንበኛ አይጮህም ያለህ ማን ነው?"

"ብዙም አላመመኝ፣ አያ።"

"እኔን እንዲህ ያመመኝ አንተን እንዴት ሳያምህ ቀረ?"

ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡ። "ስማኝ ልጄ። ይቺ እግር ትድናለች፤ ጊዜ ከሰጠሃት። ለገና ከሮጥህባት ግን ጅማቷ ይበጠሳል። ከዚያ ወዲያ እንኳን ገና፣ መሰላልም አትወጣባት። እኔ ነገርሁህ።"

ደሳለኝ አቀረቀረ። እናቱንና ሁለት ታናናሽ እህቶቹን የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ከመሰላል የወረደ ግንበኛ ምን ይሠራል? ጭቃ ያቦካል፤ እሱንም ቢሆን በሁለት እግር ነው የሚረግጡት። ከታች ደግሞ አንድ ሙሉ ሰፈር ይጠብቀዋል። ቀና ብሎ፣ "አያ፣ ለሙሉቀን ይነግሩታል?" አላቸው።

አያ አለሙ ቱግ አሉ። "ያሸሁትን እግር ለንስሐ አባቴም አልናገር! ተነሥ ከፊቴ!" ግን እስከ በር ደግፈው ሸኙት።

*

ወሬን ዳገት አያግደውም። ደሳለኝ ወጌሻ ቤት ታየ ተባለ። ሳይውል ሳያድር ላይ ቤቶች ሊጠይቁት መጡ።

አትሳቁ። በእኛ ዘንድ የታመመ ሰው ይጠየቃል። ባላንጣም ይጠየቃል፤ እንዲያውም ቀርቶ የሚታማው ባላንጣው ነው። ሙሉቀንና ጓደኞቹ ብርቱካንና ስኳር ይዘው ነው የመጡት። ስኳሩን የገዙት ከጋሽ ሰይድ ሱቅ ነው። ጋሽ ሰይድ በፈገግታ መዝነው ሸጡላቸው፤ እንደሸጡላቸው በጓሮ ዞረው እየሮጡ፣ "መጡ! እግሩን ሸፍን!" አሉኝ። ጋቢ ጣልሁበት።

"እንዴት ነህ ደሴ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"እግርህስ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ለገና ትደርሳለሃ?"

"እሱ ካለ።"

ስለ ገብሱ አዝመራ ተወራ። ስለ ውርጩ ተወራ። የሁሉም ዓይን ግን ጋቢው ላይ ነው። በመጨረሻ ሊሄዱ ተነሡ፤ ጉዱ የመጣው ያን ጊዜ ነው። እንግዳ ይሸኛል። ታማሚ ባይሸኝ ማንም አይቀየመውም፤ ግን ጎረምሳ ሰው አልጋው ላይ እንደተቀመጠ "ደህና ሁኑ" ካለ፣ ታምሜያለሁ ማለቱ ነው። ደሳለኝ ጋቢውን እስከ መሬት ለቆ ተነሣ።

"ኧረ ተቀመጥ! በሞቴ!"

"ኧረ በፍጹም!"

ከቤቱ እስከ ግቢው በር ድረስ እየሳቀ፣ አዝመራውን እያደነቀ፣ ቀጥ ብሎ ሄደ። ከኋላው ስከተል በዚያ በታኅሣሥ ብርድ ላቡ በማጅራቱ ሲወርድ አያለሁ። በሩ ላይ ተሳሳሙ፣ ተመራረቁ፣ ተለያዩ። በሩ ሲዘጋ ጋሽ ሰይድና እኔ ግራና ቀኝ ሆነን ባንይዘው ኖሮ እዚያው ተዘርግቶ ነበር።

ያን ዕለት ራት ላይ ሙሉቀን አባቱን፣ "የደሴ እግር እንዴት ነው?" ብሎ ጠየቃቸው። ይህን የነገረኝ ኋላ ራሱ ነው። አያ አለሙ ከገበታው ቀና ሳይሉ፣ "እግዚአብሔር ይመስገን" አሉት።

ሙሉቀን አሰበ፣ አወጣ፣ አወረደ። ሰውየው እስከ በር ሸኝቶኛል። አባቴም አላዘኑለትም። በቃ፤ ድኗል።

*

በዓሉ ሲቃረብ ኮሚቴው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ "ለአንድ ቀን አይደል? ይሩጥ!" አለ። በሰው ጅማት ጀግና መሆን እንዴት ይቀላል መሰላችሁ። ሌላው ግማሽ አቀርቅሮ ጋሽ ሰይድን ይጠብቃል፤ ሁላችንም የምንፈራው እሳቸውን ነበር።

"እኔ ይህን ድል ስመኝ ሸብቻለሁ" አሉ ጋሽ ሰይድ። "ግን ይህ ልጅ የሱቄን ግድግዳ የገነባ ልጅ ነው። ሲያነክስ እያየሁ በዚያ ግድግዳ ውስጥ ልቀመጥ? አይሩጥ።"

ደሳለኝ ጉሮሮውን ጠረገ። "አልሮጥም። ልቁም።"

"ምን ማለት ነው ልቁም?"

"ግራው ጥግ ልቁም። ሙሉቀን ድኗል ብሎ አምኗል። ስለዚህ ሰው ይመድብብኛል። እኔን የሚጠብቅ ሰው ሌላ ቦታ የለም ማለት ነው።"

ሁላችንም ተያየን። ኮሚቴው ከተቋቋመ ወዲህ የመጀመሪያው ሐሳብ ነበር።

የእኔ ስጋት ሌላ ነው። ይህ ሰው ሩር እያየ መቆም ይችላል? እናንተስ የምትወዱት ነገር በአጠገባችሁ ሲያልፍ፣ አገር ሁሉ ስማችሁን እየጠራ፣ እጃችሁን ሰብስባችሁ መቆም ትችላላችሁ? እኔ አልችልም።

*

የገና ዕለት ሜዳው ዙሪያውን ሰው ሞላ። ላይ ቤቶች ዳገቱን እየጨፈሩ ወረዱት፤

ታች ቤት ተሰብስቦ አንድ እግር ያክማል፣
ለገናው ባይደርስ ለፋሲካ ይቆማል!

በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ነውና አልተቆጣንም። ጋሽ ሰይድ ብቻ ተቆጡ።

ደሳለኝ ገናውን ይዞ ግራው ጥግ ላይ ቆመ። ሙሉቀን ምርጥ ምርጥ ጓደኞቹን አስከትሎ ወዲያው ከበበው። ትከሻውን ሰበቅ ሲያደርግ ሁሉም ይነቃነቃሉ። ሲያፏጭ ይደነግጣሉ። አንዴ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ቢያስር፣ ምን ሊሠራ ነው ብለው አብረው አጎነበሱ። የላይ ቤት ጉልበት በሙሉ አንድ የቆመ ሰው ሲጠብቅ ዋለ።

መሐል ሜዳው ሰፋ። የእኛዎቹ መጀመሪያ ግራ ገባቸው፤ ወደ ጥጉ እንዳይለጓት ጥጉ ተዘግቷል። ላይ ቤት አገባ። ከዚያ ምርጫ ሲያጡ እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። አንዱ ለሌላው ሰጠ፤ ሌላው መለሰለት። ሰው ወንድሙ ሜዳ ላይ መኖሩን የሚያውቀው እንዲህ ሲቸግረው ነው። እኛም አገባን። እኩል ሆንን።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል፣ ዳኛው ፊሽካውን ወደ አፉ ማስጠጋት ሲጀምር፣ ሩሯ ከግርግሩ አመለጠች። በቀጥታ ወደ ግራው ጥግ መጣች፤ ቀስ ብላ፣ ጌታዋን እንደምታውቅ በግ።

ሜዳው በአንድ አፍ "ደሴ!" ብሎ ጮኸ። እኔም ጮኽሁ። ምክሩን የማውቀው፣ እግሩን ያየሁት፣ ላቡን የጠረግሁለት እኔም ጮኽሁ። ጥቂት ቢራመድ ያገኛታል። አንዴ ቢለጋት አለቀ። ገናውን አነሣ። ቀኝ እግሩ ከመሬት ሲላቀቅ አየሁ። ሙሉቀንና ጓደኞቹ ዱላቸውን ዘርግተው ከፊቱ ተወረወሩ።

እግሩን መልሶ አስቀመጠው። ሩሯ በአጠገቡ አለፈች።

ከኋላው ጌታነህ ነበር። ጸጉር አስተካካዩ። ከዚያ ጥግ ሩር ሲለቅም የከረመ እግሩ በልማድ ይዞት መጥቷል፤ ሮጦ እንኳ አይደለም፤ እየተራመደ። ቀና ብሎ አየ፤ ላይ ቤት በሙሉ ደሳለኝ ላይ ተከምሯል። ለጋት።

ጌታነህ መግባቷን ያወቀው ጋሽ ሰይድ አንገቱ ላይ ተጠምጥመው አብረው ሲወድቁ ነው።

ላይ ቤቶች ቢወርዱ ቢንከባለሉ፣
ታች ቤት ነው ማረፊያው፣ የት ይደርሳሉ!

ይህን እየዘፈንን ዳገቱን ወጣነው። ወጉ ነው፤ ያሸነፈ የተሸናፊውን ሰፈር እየዞረ ይለግጥበታል። ለዓመታት ሲለገጥብን ስለነበር ያጠራቀምነው ግጥም ብዙ ነው። አያ አለሙ በራቸው ላይ ቆመው ሙሉውን ሰሙን። ሙሉቀን ከጎናቸው ነበር።

"አባዬ፣ አለመዳኑን እያወቁ!" አላቸው።

"ምን አልሁህ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን አሉኝ።"

"ታዲያ አይመስገን?" አሉት።

*

ደሳለኝን ሩሯን ለምን እንደተዋት ጠየቅሁት። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ እግሩን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሮ ነበር።

"አነሣሁት እኮ እግሬን" አለኝ። "ከዚያ ሰኞ ትዝ አለኝ። ሥራው፣ መሰላሉ።" እግሩን ውሃው ውስጥ አገላበጠና፣ "ሲያም ግን!" አለ።

"እግርህ?"

"አይደለም። ማሳለፉ።"

አሁን እየዳነ ነው። የአያ አለሙ እጅ ነው የሚሉ አሉ፤ እናቱ ጠበሉ ነው ይላሉ፤ ሐኪሙን ብትጠይቁት ዕረፍቱ ነው ይላችኋል። ብቻ እብጠቱ ጎድሎ ቀረ። ባለፈው ሰኞ መሰላሉን እየተጠራጠረ ወጣው፤ ከሰዓት በኋላ መጠራጠሩን ረሳው። በሥሩ ሳልፍ ከላይ ሆኖ አፏጨብኝ።

ቡድናችን ለዞኑ ውድድር ይለማመዳል። ልጆቹ ሩሯን ሲቀባበሉ ብታዩ ሌላ ሰፈር የመጣችሁ ይመስላችኋል፤ ጌታነህ ደንበኛውን ግማሽ ጸጉሩን ቆርጦ እየተወ ወደ ልምምድ መሮጥ ጀምሯል። ጋሽ ሰይድ፣ "ኢንሻአላህ፣ ዞኑም የእኛ ነው" ይላሉ፤ እኔም አምኛቸዋለሁ።

ባለፈው እሁድ ግን ደሳለኝ ገናውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ሳያነክስ፣ ሜዳው ዳር ብቅ አለ። ሜዳው በእልልታ ተናወጠ። "ግባ፣ ግባ!" ተባለ። ገባ። ሩሯን አገኛት፤ እንደ ድሮው ሾለከ፤ እንደ ድሮውም አምልጦ ወጣ። ሌሎቹ ልጆች በሙሉ፣ አንድ ሳይቀሩ፣ ዱላቸውን ተደግፈው በፈገግታ ያዩት ጀመር።

ጋሽ ሰይድ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

ኮሚቴው ለነገ አስቸኳይ ስብሰባ ጠርቷል። አጀንዳው አንድ ነው፤ የደሳለኝ መዳን።